ጦር የተደገፈ አድማጭ፦ የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ከራፋኤሎ «ቅድስት ሴሲሊያ» ጋር ሲነጻጸር

መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በእኔ አማካሪነት ያዘጋጅ ነበር። የመረጠው ርእስ በጎንደርና በጣና አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት የሚታየውን የቅዱስ ያሬድ ሥዕል እንደ ትረካ መተንተን ነው። ተወልዶ ያደገው ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ በአዲስ ዘመን በኩል ሲሆን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ድጓ ተምሯል። እኔም ለንጽጽር ይረዳዋል ብዬ የራፋኤሎን «ቅድስት ሴሲሊያ» የያዘ የሥዕል መጽሐፍ አዋስሁት። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉን ሲመልስልኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መምህር፣ በኛው ላይ ደም አለ፤ በዚህኛው ላይ የለም። ሁለቱም ስለ ተመስጦ ከሆኑ ደሙ ምን ሊያደርግ መጣ?»

መልሱ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ደሙ የተመስጦው መለኪያ ነው፤ ዘማሪው ሕመም እስከማይሰማው ድረስ ተመስጦ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው አልሁት። በረቂቁ ኅዳግ ላይም «ከርእስ መውጣት ነው፤ ተመስጦው ላይ አተኩር» ብዬ ጻፍሁ። ይህን መጣጥፍ የማቀርበው ያ ማስታወሻ ስሕተት እንደነበረ ለማሳየት ነው። የምከራከርበት ነጥብ አጭር ነው። የያሬድ ሥዕል ክብደቱን የጣለው በዘማሪው ላይ ብቻ አይደለም፤ በአድማጩ ላይ ነው። ዜማ ሰውን ወደ ሰማይ እንዴት እንደሚያደርስ ከመጠየቁ ይልቅ፣ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ዜማ ሲሰማ በምን ተደግፎ እንደሚሰማ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ ከሥዕል አልፎ ሥነ ጽሑፍን እናነባለን፣ እንሄሳለን የምንለውን ሁሉ ይነካል።

የቦሎኛው ሥዕል

በመጀመሪያ የንጽጽሩን አንድ ወገን እንመልከት። ራፋኤሎ ሳንዚዮ «ቅድስት ሴሲሊያ»ን የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1514 እስከ 1517 ባሉት ዓመታት ገደማ ነው። ያሠራችው ኤሌና ዱሊዮሊ ዳል ኦሊዮ የምትባል የቦሎኛ ወይዘሮ ስትሆን፣ ሥዕሉ የተሰቀለው በዚያው ከተማ በሳን ጆቫኒ ኢን ሞንቴ ቤተ ክርስቲያን በሚገኘው ጸሎት ቤቷ ነበር። የፈረንሳይ ጦር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1815 ተመለሰ። ዛሬ የሚገኘው በቦሎኛ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ነው።

ሴሲሊያ በሮም በሰማዕትነት ያረፈች ቅድስት ናት። በገድሏ እንደሚተረከው በሠርጓ ቀን የዘፈን መሣሪያዎች ሲሰሙ እርሷ በልቧ ለእግዚአብሔር ብቻ ትዘምር ነበር። አሠሪዋ ኤሌናም በትዳር ውስጥ ሆና ድንግልናዋን እንደጠበቀች ይነገርላት ስለነበር፣ የቅድስቲቱ ታሪክ ለእርሷ የራሷም ታሪክ ነበር ማለት ይቻላል። ራፋኤሎ ከዚህ ታሪክ የወሰደው ሰማዕትነቱን አይደለም። የወሰደው በውጭ በሚሰማው ዜማና በውስጥ በሚሰማው ዜማ መካከል ያለውን ተቃርኖ ነው።

ሴሲሊያ በመካከል ቆማለች። ፊቷን ወደ ላይ አቅንታለች። በእጇ የያዘችው ትንሽ ኦርጋን ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ ቧንቧዎቹም ከቦታቸው እየተንሸራተቱ ሊወድቁ ነው። ከእግሯ ሥር ቪዮላ፣ ዋሽንት፣ ሻኩራ ያለው አታሞ፣ ከበሮና ሌሎች መሣሪያዎች ተበታትነው ይታያሉ። እነዚህን መሣሪያዎች የሠራቸው ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ የተባለው የራፋኤሎ ረዳት እንደሆነ ጆርጆ ቫሳሪ ጽፏል። ከላይ ደመናው ተከፍቶ መላእክት ያለ መሣሪያ፣ ከመጽሐፍ እያዩ ይዘምራሉ። እንግዲህ ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ደረጃ አለው፦ ከታች የተጣለ መሣሪያ፣ ከመካከል ሊጣል የተቃረበ መሣሪያ፣ ከላይ መሣሪያ የማያሻው ድምፅ። ምድራዊው ካልተጣለ ሰማያዊው አይሰማም የሚለው ሐሳብ በዚህ አቀማመጥ ውስጥ አለ።

በሴሲሊያ ዙሪያ አራት ቅዱሳን ቆመዋል። ዮሐንስ ወንጌላዊና አውግስጢኖስ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። መግደላዊት ማርያም የሽቱ ዕቃዋን ይዛ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ትመለከታለች። በግራ በኩል ያለው ቅዱስ ጳውሎስ አገጩን በእጁ ይዞ ወደ መሬት አቀርቅሮ ያስባል፤ ሌላ እጁን በሰይፉ እጀታ ላይ አሳርፏል። ሰይፉ የሰማዕትነቱ ምልክት ነው። ጫፉ ግን ወደ መሬት ዞሯል፤ ማንንም አይነካም። መሣሪያዎቹ በወደቁበት መሬት ላይ የጦር መሣሪያውም ሥራውን ፈትቶ እንደ ምርኩዝ ቆሟል። ይህን የጳውሎስን አቋም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የአክሱሙ ታሪክ፣ የጎንደሩ ሥዕል

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደኖረ ይነገራል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትም መጻሕፍት ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። የእረፍቱ፣ በትውፊት አነጋገር የመሰወሩ መታሰቢያ ግንቦት 11 ቀን ነው። ሥዕሉ የሚያተኩርበት ታሪክ የታወቀ ነው። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተደገፈውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም አድማጩም አላወቁም። ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ደነገጠ፤ ጦሩን ነቅሎ «ስለዚህ ደምህ የምትፈልገውን ለምነኝ» አለው። ያሬድ አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን ትቶ እንዲሄድ ፈቃድ ጠየቀ። ንጉሡ ቢያዝንም ስለ መሐላው ለቀቀው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በዚያ ተሰወረ።

ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሥሉ አንዲት ቅጽበት መርጠዋል። ያሬድ በአንድ እጁ መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል ይዞ ይቆማል። ንጉሡ በአንጻሩ ጦሩን ይዞ ይቆማል፤ የጦሩ ጫፍ በዘማሪው እግር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከበሮ የሚመቱና የሚያሸበሽቡ ካህናት ይጨመራሉ። አንዳንዱ ሠዓሊ ያሬድን ዜማ አስተማሩት የሚባሉትን ሦስት ወፎች በዛፍ ላይ ያስቀምጣል። የንጉሡ አለባበስ የአክሱም ሳይሆን የሠዓሊው ዘመን አለባበስ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ስለ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚመሰክር ሰነድ ማንበብ አይገባም። ሠዓሊዎቹ ያሬድን ያኖሩት በሚያውቁት ቤተ መንግሥትና በሚያውቁት ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ነው፤ የድጓው ምልክት እንኳ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሚባሉት ሊቃውንት የተደራጀው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ እንደሆነ ይታወቃል።

ከተመረጠችው ቅጽበት የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ሠዓሊው ንጉሡ ሲደነግጥ ሊሥል ይችል ነበር፤ ያሬድ ሲሰናበት ሊሥልም ይችል ነበር። የመረጠው ግን ጦሩ ገብቶ፣ ደሙ ወጥቶ፣ ገና ማንም ያላወቀበትን ጊዜ ነው። በሥነ ጽሑፍ ድራማዊ ምጸት የምንለው፣ ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁትን አንባቢው ማወቁ፣ እዚህ በአንድ ጠብታ ቀይ ቀለም ተፈጽሟል። ደሙን የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው። የሴሲሊያ ተመልካች በአንጻሩ ከባለ ታሪኳ ያነሰ ነው የሚያውቀው፤ እርሷ የምትሰማውን አይሰማም። አንዱ ሥዕል ተመልካቹን ከምሥጢሩ ውጭ ያቆመዋል፤ ሌላው ምሥጢሩን የሚያውቅ ብቸኛ ምስክር ያደርገዋል።

ከጣራ ገዳም የተገኘ ንባብ

ተማሪው ጽሑፉን ካቀረበ ከዓመት በኋላ በዓል ሊያከብር ወደ ቤተ ሰቦቹ ሲሄድ ጋበዘኝ። ከወረታ ተነሥተን የፎገራን ሜዳ አቋርጠን አዲስ ዘመን ደረስን፤ በማግስቱ ሌሊት ወደ ጣራ ገዳም ወጣን። በዙሪያው ያለው ተራራ የታረሰ ሲሆን የገዳሙ ደን ግን ወይራው ሳይቀር ተጠብቆ ቆይቷል። ቅኔ ማሕሌት ስንገባ አገልግሎቱ ከተጀመረ ቆይቷል።

ለእኔ እዚያ የተገለጠልኝ ነገር ለአብነት ተማሪ ምንም አዲስነት የለውም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙት ካህናት መቋሚያቸውን በብብታቸው አስገብተው ተደግፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ያ የተደገፉት እንጨት ከብብት ወጥቶ ዜማውን ይመራል፤ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ መሬት ይመታል። ሌላው ሲያዜም ተመልሶ ምርኩዝ ይሆናል። መቋሚያ የአዛሚውም የአድማጩም መሣሪያ ነው። ከጎናችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክብደታቸውን በመቋሚያው ላይ ጥለው ያዳምጡ ነበር። ተማሪው በጆሮዬ «ንጉሡ እንዲህ ነው የቆመው» አለኝ።

ስንወጣ መሪጌታውን ስለ ሥዕሉ ጠየቃቸው። «የኔታ፣ ንጉሡ ጥፋተኛ ነው ይላሉ?» እሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ንጉሡማ እንደኛው ቆሞ መስማቱ ነው። የያዘው ነው እንጂ የተለየው» አሉት።

በዚህ ንባብ ሥዕሉ ይለወጣል። ገብረ መስቀል ጨካኝ አይደለም። በሥዕላችን ልማድ ክፉዎች፣ ማለትም አጋንንት፣ አይሁድ ተብለው የሚሣሉት ሰቃዮችና አሳዳጆች፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን፣ በጎን ገጽ ይሣላሉ፤ ቅዱሳንና ደጋጎች ግን በሁለት ዓይን። ንጉሡ የሚሣለው በሁለት ዓይን ነው። ሠዓሊው አልፈረደበትም። ንጉሡ ካህናቱ የሚያደርጉትን ነው ያደረገው፤ ተደግፎ ሰማ። ነገር ግን መቋሚያ በሚያዝበት ቦታ የያዘው ጦር ነው። ታሪኩ በቃል ሲነገር የንጉሡን ዕቃ ጦር የሚሉ አሉ፣ ዘንግ የሚሉም አሉ፤ ይህ መለዋወጥ የዕቃውን ሁለት ጠባይ የሚያሳይ ይመስለኛል። የሥልጣን ምልክት በአዳራሽ ሲያዝ ዘንግ ነው፤ ሰው ሲደገፈው ምርኩዝ ነው፤ ጫፉ ግን ሁልጊዜ ጦር ነው። ባለ ሥልጣኑ በፍጹም ፍቅር ሲያዳምጥ እንኳ የያዘውን ስለማያስቀምጥ ይወጋል። ይባስ ብሎ፣ ፍቅሩ በበረታ መጠን ይበልጥ ይደገፋል፤ ይበልጥ በተደገፈ መጠን ጫፉ ይበልጥ ይገባል።

አሁን ወደ ጳውሎስ እንመለስ። ሁለቱም ሥዕሎች መሣሪያ ተደግፎ የሚያዳምጥ ሰው አላቸው። ራፋኤሎ ሰይፉን በባዶ መሬት ላይ አቆመው፤ የእኛ ሠዓሊ ጦሩን በሰው እግር ላይ አቆመው። ጳውሎስ በአንድ ወቅት አሳዳጅ የነበረ፣ አሁን መሣሪያው የራሱ ሞት ምልክት የሆነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰይፉ ሌላውን አይጎዳም። ገብረ መስቀል ግን ገና ንጉሥ ነው። ራፋኤሎ ሰላም የወረደበትን ማዳመጥ ሣለ፤ የእኛው ሠዓሊ ዋጋ የሚከፈልበትን ማዳመጥ ሣለ።

ሁለተኛው ልዩነት በመሣሪያዎቹ ላይ ነው። በሴሲሊያ ሥዕል ከበሮው መሬት ላይ ወድቋል፤ በያሬድ ሥዕል ይመታል። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ በከበሮው ዙሪያ የሚታየው ጠፍር ጌታ በተገረፈ ጊዜ በሰውነቱ ላይ የወጣው ሰንበር ምሳሌ ነው። መሣሪያው ራሱ የቆሰለ አካል ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሰማያዊውን ለመስማት ተብሎ አይጣልም፤ ሰማያዊው የሚሰማው በእርሱ በኩል ነውና። ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በሴሲሊያ ሥዕል ደም የሌለው አካል ወደ ኋላ ስለቀረ ነው። በያሬድ ሥዕል ደም ያለው ዜማው ከአካል ስላልተለየ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ ልዩነቱ የመጣው ሠዓሊዎቻችን የህዳሴን ሥዕል ባለማወቃቸው ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለረጅም ዘመን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1520 የገባው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም አግኝቶታል። ይህ ሰው የራፋኤሎ ዘመነኛ ነው። በኋላም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ያመጧቸው የታተሙ ሥዕሎች በጎንደር ሠዓሊዎች ዘንድ ታውቀዋል። አውሮፓዊው ሥዕል በአገሩ ነበር፤ ሠዓሊዎቻችን የሚስማማቸውን ወስደው የማይስማማቸውን ትተዋል። የያሬድን ሥዕል ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን ከምርጫ የመጣ አድርገን ልናነበው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ዜማን የሚወድ ደግ ንጉሥ የሚያሳይ በመሆኑ የቤተ መንግሥት ውዳሴ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በከፊልም እውነት ነው። ንጉሡ በዘውዱ፣ በካባው፣ በደግ ፊቱ ተከብሯል። ሆኖም ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ያሬድ ሹመት አልጠየቀም፤ ርስት አልጠየቀም፤ መሄድ ጠየቀ። ያውም በመሐላ አስሮ። የሰሙ ንባብ የንጉሡ ፍቅር ነው፤ ወርቁ ግን ዘማሪው ከዚያ ፍቅር መራቁ ነው። ከመሄዱ በፊት በአክሱም ጽዮን አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ድርሰቱን ሲያዜም ክንድ ያህል ከምድር ከፍ እንዳለ ይተረካል። በንጉሡ ፊት እግሩ ከመሬት ጋር ተሰፍቶ ነበር፤ ከንጉሡ ሲለይ ከመሬት ተነሣ። ትውፊቱ እነዚህን ሁለት ትዕይንቶች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጡ በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ገድሉ «አላወቁም» ካለ ነገሩ ያው ተመስጦ ነው የሚል ይኖራል። ተመስጦ መኖሩን አልክድም። የምለው፣ ተመስጦው የሁለት ሰዎች መሆኑን ነው። አንዱ ሲመሰጥ ይደማል፤ ሌላው ሲመሰጥ ያደማል። በአንድ ስም መጥራት የሁለቱን ዕጣ አያስተካክልም። እኔ በኅዳጉ ላይ የጻፍሁት ማስታወሻ ይህን ልዩነት ነበር የደመሰሰው።

መደምደሚያ

የያሬድ ዜማ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የኖረው በጉባኤ ቤቶች ነው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚሰጥባት ዙር አባ ከጣራ ገዳም ሩቅ አይደሉም፤ ሁለቱም በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ሲያዳምጡ የሚደገፉት መቋሚያ ነው። ትውፊቱ የንጉሡን ጦር በሥዕል አስቀርቶ በቅኔ ማሕሌት ያኖረው እንጨቱን ብቻ ነው።

ይህ ንባብ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ መምህራን የሚለው ነገር አለ። እኛም አድማጮች ነን፤ በእጃችንም የምንደገፈው ነገር አለን። እኔ ያን ረቂቅ ሳነብ የተደገፍሁት ከሴሲሊያ ሥዕል ያገኘሁትን «ተመስጦ» የሚል ፅንሰ ሐሳብና የአማካሪነት ሥልጣኔን ነበር። ፅንሰ ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ በቦሎኛው ሥዕል ላይ በትክክል ይሠራል። ነገር ግን የት ላይ እንዳቆምሁት ወደ ታች አላየሁም። ተማሪው በታዘዘው መሠረት የደሙን ክፍል አውጥቶ ጽሑፉን አቀረበ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘ። ከጽሑፉ የተሻለው ክፍል ግን ያ የወጣው ነበር።

ወደፊት ይህን ርእስ ለሚመርጡ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልጠቁም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚገኙትን የያሬድ ሥዕሎች አንድ በአንድ እያዩ የጦሩ ጫፍ የት እንዳረፈ፣ ደም መኖር አለመኖሩን፣ ንጉሡ ወደ ማን እንደሚመለከት ቢመዘግቡ፣ እዚህ በጥቅሉ ያቀረብሁት ንባብ የሚጸናበትና የሚሻሻልበት ይታወቃል። አማካሪ የሆንን ደግሞ «ከርእስ መውጣት ነው» ብለን ከመጻፋችን በፊት ብዕራችን ያረፈበትን እንይ።